የ1956ቱ የፋንጂዮ መኪና፦ ፌራሪ ነው ወይስ ላንቻ?

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በ1956 ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ በመኪና ውድድር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በፌራሪ ነው ይባላል። ሌላ ቦታ ደግሞ መኪናውን የሠራው ላንቻ ነው የሚል አነበብኩ። እውነቱ የቱ ነው? የነዳጅ ሳልባትዮውስ ለምን ጎንና ጎኑ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ተደረገ? ኮሊንስ የሚባለው ልጅ በመጨረሻው ውድድር መኪናውን ለፋንጂዮ ባይሰጠው ኖሮ ፋንጂዮ ዋንጫውን ያጣ ነበር ወይ?»

አጭሩ መልስ ይኸው። መኪናው የተወለደው ላንቻ ቤት ነው፤ ዋንጫውን ያነሳው በፌራሪ ስም ነው። ስሙም ዲ50 ይባላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ምስጋና የሚገባው ለሁለቱም ፋብሪካ ሳይሆን ንድፉን ላወጣው ሰው፣ ለቪቶሪዮ ያኖ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት መኪናውን ፈታ አድርገን ማየት አለብን። የአዲስ አበባ ሰው ላንቻ ሲባል ቀድሞ ሰፈሩ ትዝ ይለዋል፤ እኛ የምናወራው ስለ ቱሪኑ መኪና ፋብሪካ ነው። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ያኖ በ1891 የተወለደ ነው። ወጣት ሳለ ፊያት ቤት ይሠራ ነበር። በ1923 ወደ አልፋ ሮሜዮ ተሻገረ። ያን ጊዜ እንዲመጣ ከገፋፉት ሰዎች አንዱ ገና ስሙ ያልገነነው ኤንዞ ፌራሪ ነበር። አልፋ ቤት ፒ2 የሚባለውን የውድድር መኪና ሠራ፤ በ1925 የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈበት። ከዚያ ፒ3 መጣ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ላንቻ ገባ። እንግዲህ ዲ50ን ሲነድፍ ስልሳ ዓመት አልፎት ነበር። በዚህ ዕድሜው የሠራው መኪና ግን ከወጣቶቹ ሁሉ የበለጠ ደፋር ነው።

አጋጣሚውን የፈጠረው አዲስ ደንብ ነው። ከ1954 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን ሞተር ኮምፕሬሰር (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ከሆነ እስከ 2.5 ሊትር እንዲሆን ተፈቀደ። ሁሉም ከዜሮ ጀመረ። መርሴዲስ ስምንት ሲሊንደር በአንድ መስመር ደረደረ። ማዜራቲ ስድስት፣ ፌራሪ አራት። ላንቻን በወቅቱ የሚመራው የመሥራቹ የቪንቼንዞ ላንቻ ልጅ፣ ጂያኒ ላንቻ ነበር። ገና በሠላሳ ዓመት አካባቢ ያለ፣ ለውድድር ሟች የሆነ ሰው። የስፖርት መኪናዎቹ በ1953 ሜክሲኮ ላይ ካሬራ ፓናሜሪካናን፣ በ1954 ደግሞ ሚሌ ሚሊያንና ታርጋ ፍሎሪዮን አሸንፈውለታል። ቀጥሎ ፎርሙላ ዋን አማረው። ያኖም የንድፍ ወረቀቱን ዘረጋ።

ያኖ የመረጠው ቪ8 ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር በግራ፣ አራት በቀኝ፣ በመካከላቸው 90 ዲግሪ። መጠኑ 2,488 ሲሲ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ በድምሩ 16። ጉልበቱ ወደ 250 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል። ቁጥሩ ለዘመኑ አሪፍ ነው፤ ለብቻው ግን የሚያስደንቅ አይደለም። ዋናው ጥቅም ሞተሩ አጭር መሆኑ ላይ ነው። ሞተር ሲያጥር መኪናውም ያጥራል፤ ሲያጥር ይቀላል። ዲ50 ክብደቱ 620 ኪሎ ገደማ ነበር። የመርሴዲሱ ተቀናቃኝ ከዚህ በጣም ይከብዳል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። በዚያ ዘመን ሻንሲ ማለት የብረት ቱቦ ተበይዶ የሚሠራ አጽም ነው። ሞተር እላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ለሻንሲው ሸክም እንጂ እገዛ አይደለም። ያኖ ይህን ገለበጠው። የዲ50 ሞተር ራሱ የአጽሙ አካል ነው። ከፊት በኩል የሻንሲው የላይኛው ቱቦ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ሞተሩ ገብቶ፣ ከጎማ የሚመጣውን ጫና እሱ ይሸከማል። ቱቦ ቀነሰ፤ ክብደት ቀነሰ፤ ጥንካሬ ግን አልቀነሰም። ዛሬ የፎርሙላ ዋን መኪና ሁሉ ሞተሩን በዚህ መንገድ ይጠቀማል። ብዙ ሰው ይህን ሐሳብ የሚያውቀው ከ1967ቱ ሎተስ 49 ነው። ሎተስ ሐሳቡን እስከ ጥጉ ወሰደው እንጂ ያኖ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት በፎርሙላ ዋን መንገድ ላይ አውጥቶታል።

ሁለተኛው ብልሃት አቀማመጡ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም፤ ወደ 12 ዲግሪ ዘወር ብሏል። ከሞተር ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ በሾፌሩ መቀመጫ ሥር ሳይሆን በግራ ጎኑ እንዲያልፍ ነው። ዘንጉ ከሥር ከሌለ መቀመጫው ዝቅ ይላል። ሾፌሩ ዝቅ ሲል መኪናው በሙሉ ዝቅ ይላል፤ ንፋስ የሚመታው ገላም ያንሳል። ፍሪሲዮኑና ባለ አምስት ማርሹ ካምቢዮ ደግሞ ከኋላ፣ ከዲፈረንሻሉ ጋር አንድ ላይ ታስረዋል። ይህ የሆነው ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል እንዲመጣጠን ነው።

ሦስተኛው እርስዎ የጠየቁት ሳልባትዮ ነው። እኔ ከመኪናው ሁሉ የምወደውም ይህን ነው።

የዚያ ዘመን ውድድር ረጅም ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ነዳጁ አልኮል የተቀላቀለበት ስለሆነ ሞተሩ እንደ ጉድ ይጠጣዋል። ስለዚህ መኪናው ሲነሳ ከመቶ ኪሎ በላይ ነዳጅ ይጭናል። የሌሎቹ ሳልባትዮ ጅራት ውስጥ ነው፤ ከኋላ ጎማ በስተጀርባ። ውድድሩ ሲጀመር የኋላው ይከብዳል፤ ሲያልቅ ባዶ ይሆናል። ሾፌሩ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሁለት የተለያየ ጠባይ ያለው መኪና ይነዳል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ የተስማማው የፍሬንና የመሪ ልክ ማብቂያው ላይ አይሠራም።

ያኖ ነዳጁን ከጅራት አውጥቶ ጎንና ጎን፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ሰቀለው። ነዳጁ ሲያልቅ መኪናው ይቀላል እንጂ ሚዛኑ አይዛባም። ትርፉ በዚህም አላበቃም። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ንፋስ የሚተራመስበት ነው። ሳጥኖቹ ያንን ክፍተት ሞሉት፤ ንፋሱም ረጋ ብሎ እንዲያልፍ ረዱ። በአንድ ዕቃ ሁለት ችግር ፈታ። ጥሩ ኢንጂነር የሚታወቀው እንዲህ ባለው ነው።

ዋጋም ነበረው፤ ይህንን መደበቅ አይገባም። ከባድ ከባዱ ነገር ሁሉ መሃል ላይ ሲከማች መኪና በቀላሉ ይዞራል። ሁለት ጄሪካን ውሃ ከጎንዎ ጋር አስጠግተው ይዘው ቢዞሩ ወዲያው ይዞራሉ። እጅዎን ዘርግተው ይዘው ቢሞክሩ ግን ለመዞርም ለመቆምም ያስቸግራል። ዲ50 እንደ መጀመሪያው ነው። ኩርባ ላይ ሲጠይቁት እሺ ይላል። ጎማው የሚይዝበት ወሰን ካለፈ በኋላ ግን ሳያስጠነቅቅ ይሽከረከራል። ለማረም የሚሰጥዎት ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ታህል ናት። ይህን መኪና እስከ ጥጉ መንዳት የሚችል ሰው በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነበር።

ላንቻ ከእነዚያ አንዱን አገኘ። አልቤርቶ አስካሪ በ1952 እና በ1953 በፌራሪ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ከጓደኛው ከሉዊጂ ቪሎሬዚ ጋር ለ1954 ወደ ላንቻ ተሻገረ። መኪናው ግን አልደረሰም። ወሩ ወርን ወለደ። ሻምፒዮኑ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የሰው መኪና እየተዋሰ ሲወዳደር፣ ፋንጂዮ በማዜራቲና በመርሴዲስ ዋንጫውን ወሰደ።

ዲ50 በመጨረሻ ብቅ ያለው የዓመቱ የማብቂያ ውድድር ላይ ነው፤ ጥቅምት 24 ቀን 1954፣ ባርሴሎና፣ ፔድራልቤስ በሚባለው የከተማ መንገድ። አስካሪ በማጣሪያው ፋንጂዮን በአንድ ሙሉ ሰከንድ በልጦ ከፊት ተነሳ። ውድድሩ ከተጀመረ ከጥቂት ዙር በኋላም መምራት ያዘ። ዙር በዙር ሲራራቅ መርሴዲሶች ምንም ማድረግ አልቻሉም። ግን አሥር ዙር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ፍሪሲዮኑ እምቢ አለ። ቪሎሬዚም ገና ከመጀመሩ ቆሟል። ከላንቻ አንድም መኪና አልጨረሰም። ሆኖም ፍጥነቱን ሁሉም አይቷል፤ የዕለቱ ፈጣን ዙርም የአስካሪ ሆኖ ተመዘገበ።

1955 በአርጀንቲና ሙቀት ተጀመረ። አስካሪ እየመራ ሳለ ከመንገድ ወጣ። ለሻምፒዮናው ነጥብ በማይቆጠሩት ውድድሮች ግን ቀናው፤ ቱሪን ላይ ቫለንቲኖ ፓርክ ውስጥ አሸነፈ፤ ኔፕልስ ላይም ደገመ። ከዚያ ሞናኮ መጣ፤ ግንቦት 22። ላንቻ አራት መኪና ይዞ ነው የቀረበው። አንዱን የነዳው የ55 ዓመቱ ሉዊ ሺሮን ነው፤ በዓለም ሻምፒዮና ውድድር ከተነሱት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እስከ ዛሬ እሱ ነው። አስካሪ በማጣሪያው ከፋንጂዮ ጋር እኩል ሰዓት አስመዘገበ።

የዚያን ቀን የሆነውን ቀስ ብለን እንየው። ፋንጂዮና ስተርሊንግ ሞስ በመርሴዲስ ይመራሉ። ግማሽ ላይ የፋንጂዮ መኪና ተበላሸ። ሰማንያኛው ዙር ላይ የሞስ ሞተር ጭስ አወጣ። አሁን የሚቀድመው አስካሪ ነው። አስካሪ ግን በዚያችው ቅጽበት ከዋሻው ወደ ወደቡ ዳር የሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ መኪናው አመለጠው። በአጥሩ በኩል አልፎ ከነመኪናው ባሕር ውስጥ ገባ። ዲ50 ሰጠመ። ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ውሃውን ሲያዩ የአስካሪ ቆብ ብቅ አለ። ዋኝቶ ጀልባ ላይ ወጣ። አፍንጫው ተሰብሯል፤ ከዚያ በላይ የጎዳው ነገር አልነበረም። ውድድሩን ሞሪስ ትረንቲኛን በፌራሪ ሲያሸንፍ፣ ወጣቱ ኤውጄኒዮ ካስቴሎቲ በዲ50 ሁለተኛ ወጣ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 26፣ አስካሪ ጣሊያን ውስጥ ወደሚገኘው የሞንዛ የውድድር መንገድ ሄደ። ካስቴሎቲ የፌራሪ ስፖርት መኪና እየሞከረ ነበር። አስካሪ የሰው ቆብ ተውሶ፣ ጥቂት ዙር ልንዳ ብሎ ገባ። አልተመለሰም። ዕድሜው 36 ነበር። አባቱ አንቶኒዮ አስካሪም በ36 ዓመቱ፣ ሐምሌ 26 ቀን 1925፣ ፈረንሳይ ውስጥ በውድድር ላይ ነው የሞተው። አባትየው ያን ቀን ይነዳ የነበረው የያኖን ፒ2 ነው። ያኖ ሁለቱንም፣ አባትንም ልጅንም፣ በአንድ የሥራ ዘመኑ አጣ።

ላንቻ ከዚህ በኋላ አላገገመም። ቀድሞም ኩባንያው በገንዘብ ተቸግሮ ነበር፤ ውድድር የሚበላውን ያህል መኪና እየሸጠ አልነበረም። ካስቴሎቲ ለምኖ ሰኔ 5 ቀን ቤልጂየም፣ ስፓ ላይ አንድ ዲ50 ይዞ ቀረበ። በ24 ዓመቱ ከመርሴዲሶቹ ቀድሞ የመጀመሪያውን የመነሻ ቦታ ያዘ። ካምቢዮው አስቆመው እንጂ ሦስተኛ ሆኖ ይነዳ ነበር። የላንቻ ቡድን በሻምፒዮናው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ያን ቀን ነው።

ሐምሌ 26 ቀን 1955 ስድስት ዲ50ዎች ከነመለዋወጫቸው ለፌራሪ ተሰጡ። አዎ፣ አንቶኒዮ አስካሪ ከሞተ ልክ በሠላሳ ዓመቱ። ፌራሪ ያኔ በመርሴዲስ ተበልጦ ግራ የገባው ቡድን ነበር። ሽግግሩን ያመቻቸው ፊያት ነው፤ በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ሊሬ ለአምስት ዓመት ለፌራሪ ለመስጠት ተስማማ። ያኖም በአማካሪነት አብሮ ሄደ። ጂያኒ ላንቻ ግን ከአባቱ ኩባንያ ወጣ።

ስጦታው መጀመሪያ ላይ ጣጣ አመጣ። ፌራሪ ከቤልጂየሙ የጎማ ፋብሪካ ከኤንግልበርት ጋር ውል ነበረው። ዲ50 ደግሞ በፒሬሊ የለመደ ነው። መስከረም ላይ ሞንዛ ሲወጡ፣ ያዘመመው የፍጥነት መንገድ ጎማውን ይገነጣጥለው ጀመር። ጁዜፔ ፋሪና በልምምድ ላይ በአስፈሪ ፍጥነት ተሽከርክሮ ተረፈ። መኪናዎቹ ከውድድሩ እንዲወጡ ተደረገ።

ለ1956 መርሴዲስ ከውድድር ወጣ፤ ፋንጂዮም ወደ ፌራሪ መጣ። የፌራሪ ሰዎች ክረምቱን መኪናውን ሲለዋውጡ ከረሙ። ዋናው ለውጥ ነዳጁን ከጎን አንስተው ወደ ጅራት መመለሳቸው ነው። የጎኑ ሳጥኖች ቀሩ፤ ግን ውስጣቸው ባዶ ሆኖ የጭስ ማውጫ ቱቦ ማሳለፊያ ሆኑ። ቀስ በቀስም ከገላው ጋር ተዋሃዱ። ሞተሩም የአጽም ሥራውን ለተጨማሪ ቱቦዎች እያስረከበ መጣ።

ፎቶ ስታዩ በዚህ ለዩት። በገላውና በጎን ሳጥኑ መካከል ክፍተት ካለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ የላንቻው ዲ50 ነው ወይም ፌራሪ ገና እንደተረከበው ያለው። ሳጥኑ ከገላው ጋር አንድ ሆኖ ከሰፋ የ1956ቱ ላንቻ-ፌራሪ ነው። ጎኑ ላይ ጨርሶ ምንም ከሌለ በ1957 ፌራሪ ከዲ50 አሻሽሎ ያወጣው 801 ነው።

ያኖን ማስቀየም ነበር ይህ? እኔ ንድፉ ተጎድቷል ባይ ነኝ። ያ ሁሉ የሚዛን ብልሃት በአንድ ክረምት ተሰረዘ። ግን የፌራሪን ምክንያትም መካድ አይቻልም። ኋላው ከበድ ሲል መኪናው ከመሽከርከሩ በፊት ምልክት ይሰጥ ጀመር። ሾፌሮቹ አመኑት። አምነው ሲነዱም ውድድር ይጨርሱ ጀመር፤ ላንቻ ቤት የጠፋው ይኸው መጨረስ ነበር። አጭሩ ሞተር፣ ዝቅ ያለው መቀመጫ፣ የኋላው ካምቢዮ፣ ቀላሉ ገላ ግን ያው የያኖ ናቸው።

ዓመቱ ሰባት የፎርሙላ ዋን ውድድሮች ነበሩት። ላንቻ-ፌራሪ አምስቱን ወሰደ። አርጀንቲናን ፋንጂዮና ሉዊጂ ሙሶ በአንድ መኪና ተፈራርቀው አሸነፉ፤ ያኔ ይፈቀድ ነበር፤ ነጥቡ እኩል ይካፈላል። ቤልጂየምንና ፈረንሳይን እንግሊዛዊው ፒተር ኮሊንስ ወሰደ። የእንግሊዙን ሲልቨርስቶንንና የጀርመኑን ኑርቡርግሪንግን ፋንጂዮ። ሞናኮን የቀማቸው ሞስ በማዜራቲ ነው።

እንግዲህ መስከረም 2፣ ሞንዛ። የፋንጂዮ መሪ ክንድ ተበላሸ። መኪናው ቆመ። ሙሶ ጎማ ሊቀይር ሲገባ መኪናውን እንዲለቅ ተጠየቀ፤ አልሰማም አለ፤ የአገሩ ውድድር ነው። ከዚያ ኮሊንስ ገባ። ፋንጂዮን ቆሞ አየው። ማንም ሳያዘው ወርዶ መቀመጫውን ሰጠው። ዕድሜው 24 ነበር፤ ራሱም የሻምፒዮንነት ዕድል ነበረው።

ጥያቄዎ እዚህ ላይ ነው፤ መልሱ ደግሞ ብዙዎች ከሚተርኩት ይለያል። በደንቡ መሠረት ከዓመቱ ውጤት የሚቆጠሩት ምርጥ አምስቱ ብቻ ናቸው። ፋንጂዮ ከሞንዛ በፊት አምስት ውጤት ነበረው፤ 5፣ 4፣ 4፣ 8 እና 9፤ ድምሩ 30። ሞንዛ ላይ በኮሊንስ መኪና ሁለተኛ ሲወጣ ያገኘው 3 ነጥብ ከነዚህ ሁሉ ያንሳል። ስለዚህ አልተቆጠረለትም። የመጨረሻው ሰሌዳ ፋንጂዮ 30፣ ሞስ 27፣ ኮሊንስ 25 ነው የሚለው። ማለትም የኮሊንስ መኪና ለፋንጂዮ አንድም ነጥብ አልጨመረለትም።

ታዲያ ስጦታው ምን ነበር? ኮሊንስ እስከዚያ 22 ነጥብ ነበረው። ቢያሸንፍ 8፣ ፈጣኑን ዙር ቢያስመዘግብ 1 ይጨመርለታል፤ 31 ይሆናል። ፋንጂዮን በአንድ ነጥብ ይበልጠው ነበር። ከመኪናው ሲወርድ ያቺን ዕድል ነው የዘጋት። ዕድሏ ጠባብ ነበረች፤ ፊቱ ሞስ እየበረረ ነው፤ ፈጣኑን ዙርም የወሰደው ሞስ ነው። ቢሆንም የዚያን ቀን ሞንዛ ማንንም አላመነም። ሞስ ራሱ መንገድ ላይ ነዳጅ ጨርሶ፣ ሌላ የማዜራቲ ሾፌር ከኋላ ገፍቶት ነው መቅጃው የደረሰው። ሙሶም እየመራ ሳለ፣ ሦስት ዙር ሲቀረው፣ መሪው ተሰብሮ ቆመ። ለጥያቄዎ ቁርጥ ያለው መልስ፦ ፋንጂዮ ዋንጫውን ሊያጣ የሚችለው ኮሊንስ አሸንፎ ፈጣኑንም ዙር ጨምሮ ቢወስድ ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርስ። 1957 ላይ ፋንጂዮ ወደ ማዜራቲ ሄደ። ፌራሪ ዲ50ን አሻሽሎ 801 አለው፤ በዓለም ሻምፒዮና አንድም ውድድር አላሸነፈበትም። ካስቴሎቲ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሞዴና ውስጥ ሲሞክር አረፈ። ያኖ ግን ገና አልጨረሰም ነበር፤ ፌራሪ ቤት ሆኖ ከኤንዞ ልጅ ከዲኖ ጋር የተነጋገረበት ቪ6 ሞተር በ1958 ማይክ ሆውቶርንን የዓለም ሻምፒዮን አደረገ። ያኖ በ1965 ሞተ።

መኪናውን በአካል ማየት ከፈለጉ ቱሪን የሚገኘው የመኪና ሙዚየም ውስጥ አንድ ዲ50 አለ። በአሮጌ መኪና ውድድሮች ላይ ሲነዱ የምታዩዋቸው አብዛኞቹ ዲ50ዎች በኋላ ዘመን በንድፉ መሠረት እንደገና የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከዋናው የተረፈ ካምቢዮና ሌላ ዕቃ አለባቸው። ያም ሆኖ ሞተሩ ሲነሳ ለመስማት ዕድል ካገኙ አይለፉት።